ከ1776 እስከ 1789 አሜሪካን ማን ነበር የሚያስተዳድራት?

የዲሲዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዜግነት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ነፃነት የታወጀው በ1776፣ ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በ1787፣ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት የሆነው በ1789። ይህን ሸምድጄዋለሁ፣ መሃል ላይ ያለው ግን አልገባኝም። ያን ሁሉ ዓመት ማን ነበር የሚያዘው? መንግሥት ከነበራቸውስ ለምን አዲስ ሕገ መንግሥት አስፈለጋቸው? ለፈተናው ብቻ አይደለም፣ ነገሩን ማወቅ ፈልጌ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
እህቴ፣ መንግሥት ነበራቸው፤ ግን ኮንግረስ፣ ማለትም የግዛቶቹ ተወካዮች የሚሰበሰቡበት ምክር ቤት፣ ብቻ ነበር። አገር የሚመራ ፕሬዚዳንት የለም። በ1777 ኮንግረሱ አሥራ ሦስቱን ግዛቶች የሚያስተሳስር የኮንፌዴሬሽን ውል አጸደቀ። ሜሪላንድ በምዕራብ መሬቶች ጉዳይ አልፈርምም ብላ ስለቆየች ሥራ ላይ የዋለው በመጋቢት 1781 ነው። ትልቋ ቨርጂኒያም ትንሿ ዴላዌርም እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ለከባድ ጉዳይ ዘጠኝ ግዛት መስማማት አለበት። ውሉን ለማሻሻል ደግሞ አሥራ ሦስቱም!

ዋናው ችግር ገንዘብ ነው። ኮንግረስ ግብር መሰብሰብ አይችልም። ለግዛቶቹ «ይህን ያህል አዋጡ» ብሎ ይጽፋል፣ ካላዋጡ የሚያደርገው ነገር የለም። በ1781 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ልጣል ብሎ ጠየቀ፣ በዓመቱ ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ አለችና ሐሳቡ ወደቀ። በ1783 እንደገና ሞከረ፣ ያኔ ደግሞ በወደቧ ብዙ ቀረጥ የምትሰበስበው ኒውዮርክ አሰናከለችው። በዚያው በ1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ ኮንግረስ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ ከበቡት። የፔንስልቬንያ ባለሥልጣናት ሚሊሻ ጠርተን አንከላከልላችሁም ስላሏቸው አባላቱ ከተማውን ለቀው ፕሪንስተን ገቡ። አንቺ ያለሽባት ዲሲ ከየትኛውም ግዛት ውጭ እንድትሆን ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የማሳቹሴትሱ፦
እኔ የምጨምረው በማሳቹሴትስ ያመፁትን ገበሬዎች ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሁሌም «አመፀኞች» ተብለው በአንድ መስመር ይታለፋሉ። ብዙዎቹ በነፃነቱ ጦርነት የተዋጉ ናቸው። ለአገልግሎታቸው የተሰጣቸው መንግሥት በኋላ እከፍላለሁ የሚልበት የዕዳ ወረቀት ነበር፣ ሲቸግራቸው በርካሽ ለነጋዴ ሸጡት። ከዚያ የማሳቹሴትስ መንግሥት ወረቀቱን ለያዙት ሰዎች ለመክፈል በነዚሁ ገበሬዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። ያውም በወርቅና በብር ሳንቲም! መክፈል ያቃተው ከብቱና መሬቱ ይወሰዳል፣ ባለዕዳም ይታሰራል። በ1786 ፍርድ ቤት እየከበቡ ችሎት እንዳይቀመጥ ማድረግ ጀመሩ። ከመሪዎቹ አንዱ ዳንኤል ሼይስ በጦርነቱ ሻምበል የነበረ ነው። በጥር 1787 ስፕሪንግፊልድ ወዳለው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲጠጉ መድፍ ተተኮሰባቸው፣ አራት ሰው ሞተ። ኮንግረስ ገንዘብም ጦርም ስላልነበረው አገረ ገዢው አመፁን ያፈነው የቦስተን ሀብታሞች ባዋጡት ገንዘብ በተቀጠረ ጦር ነው። ከአራት ወር በኋላ ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱን የጻፈው ጉባኤ ተከፈተ። ሀብታሞቹን ያስደነገጣቸው ይህ አመፅ ለመሆኑ እኔ አልጠራጠርም።

መምህሩ፦
ከላይ ያላችሁት ትክክል ነው፣ ግን የኮንፌዴሬሽኑን ዘመን ውድቀት ብቻ አድርጋችሁ አታሳዩት። በ1783 ከእንግሊዝ ጋር የሰላም ውል የፈረመው ያ ደካማ የተባለው መንግሥት ነው። በ1787 ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ባርነት እንዲከለከልና አዲስ የሚመሠረቱ ግዛቶች ከነባሮቹ እኩል ሆነው እንዲገቡ የደነገገውም እሱ ነው።

በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት 55 ሰዎች ደግሞ የተላኩት ውሉን እንዲያሻሽሉ እንጂ አዲስ እንዲጽፉ አልነበረም። በር ዘግተው አዲስ ጻፉ። 39 ፈረሙ። «አሥራ ሦስቱም» የሚለውን ትተው ዘጠኝ ግዛት ካጸደቀው ይበቃል አሉ። ኮንግረስ ግብር እንዲሰበስብ ተፈቀደ፣ ይህ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን የደቡብ ግዛቶች ጥለው እንዳይወጡ በባርነት የተያዘ ሰው ለኮንግረስ ውክልና ሲቆጠር እንደ ሦስት አምስተኛ ተደረገ፣ የባሪያ ንግድም እስከ 1808 እንዳይታገድ ተስማሙ። ይህን ሳይናገሩ ጉባኤውን ብቻ ማድነቅ ትክክል አይመስለኝም።

የዲሲዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዘጠኝ ከበቃ የቀሩት ምን ሆኑ? ያቺ ሮድ አይላንድስ?

ታሪክ ወዳድ፦
ሮድ አይላንድ ጉባኤውም ላይ ሰው አልላከችም። ዘጠነኛዋ ኒው ሃምፕሸር በሰኔ 1788 አጸደቀች፣ ወዲያው ቨርጂኒያና ኒውዮርክ ተከተሉ። ዋሽንግተን በሚያዝያ 1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽም ኖርዝ ካሮላይናና ሮድ አይላንድ ውጭ ነበሩ። ኖርዝ ካሮላይና በኅዳር ገባች። ሮድ አይላንድን ግን ከአዲሱ ኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ የሆነው ሴኔት ንግድ ልንከለክላት ነው ብሎ ካስፈራራት በኋላ በግንቦት 1790 ገባች፣ ያውም በ34 ለ32 ድምፅ።