መብራት በሄደ ቁጥር ናሙና እያጣሁ ነው፤ መላ በሉኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት በውሃ ላይ እንፈትሻለን። ከአንገረብና ከመገጭ የቀዳነውን አንድ አንድ ሊትር በሲ18 ካርትሪጅ (ቅሪቱን ከውሃው ለይቶ በሚይዝ ዱቄት የተሞላ ትንሽ ቱቦ) በእጅ ስናሳልፍ ቀኑ ያልቃል። ፍሰቱ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሰው ከአጠገቡ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚታዘዙ አራት ትንንሽ ፓምፖች ገጣጠምኩ፤ ካርትሪጁን ለማዘጋጀት መጀመሪያ ሜታኖል፣ ቀጥሎ ንጹህ ውሃ፣ ከዚያ ናሙናው ያልፋል።

ችግሩ መብራት ነው። ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፤ የካርትሪጁ ክዳን አየር ያስገባል መሰለኝ፣ ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ ያልቅና ሲ18ቱ ናሙናው ሳይደርስ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ቅሪቱን በደንብ አይዝም። የባሰው ሲመለስ ነው። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ይነሳና ናሙና በያዘው ካርትሪጅ ላይ ሜታኖል ይለቅበታል፤ የተያዘው ቅሪት ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ናሙና እንዲህ ጠፋብኝ፤ አንዱን ለመቅዳት ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘናል።

የደረሰበትን ደረጃ በኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም በማይሰረዘው የአርዱይኖው ማህደረ ትውስታ) እንዲመዘግብ አደረግኩ። ከየት እንደሚቀጥል አወቀ፣ ካርትሪጁ መድረቁን ግን አያውቅም።

ኃይል ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ከካርትሪጁ ስር ላስገባ ወይስ ባትሪ ይሻለኛል? ሜታኖል የማይጎዳው ቫልቭ የት አገኛለሁ? የክረምቱ ደለልም አለ፤ በመስታወት ፋይበር ማጣሪያ አሳልፌውም ካርትሪጁ ይደፈንና ቱቦው ተነፍቶ ይፈነቀላል። የሠራችሁበት ካላችሁ የገጠማችሁበትን ፎቶ ብትልኩልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።