አንድ መቁረጫ ነጥብ ለሁሉም ተማሪ ፍትሃዊ ነው?

የፊዚክስ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ስድስቱን ዓመት ያስተማርኩት ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ነበር፣ የቀረውን ከተማ ውስጥ።

ከገጠሩ አንዲት ልጅ ከአእምሮዬ አትጠፋም። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩትን ያስተማርኳት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው። ሽቦና ባትሪ አገናኝታ አምፖል አብርታ አታውቅም። መንገዱ ሩቅ ስለነበር ቤቷ የምትደርሰው መሽቶ ነው። እንዲያም ሆኖ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ግን 4 ነጥብ ጎደላት። ከተማ ያስተማርኩት ሌላ ልጅ ደግሞ አስጠኚ ቤቱ ድረስ እየመጣለት መቁረጫውን በ2 ነጥብ አልፎ ገባ። እሱም ለፍቷል፣ አልክድም።

«ፈተናው አንድ፣ ነጥቡ አንድ» ሲባል እኩልነት ይመስላል። እኔ ግን ፈተናው የለካው ልጆቹን ብቻ አይመስለኝም፤ የተማሩበትን ቦታም ለክቷል። ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ያዙት? ኮታ ነው መፍትሔው?

ቀለም ወዳድ፦
መምህር፣ የአሜሪካዋን ግዛት የቴክሳስን ነገር ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሕግ መሠረት ከገዛ ትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ውጤት ካላቸው 10 በመቶ ውስጥ የሆነ ተማሪ ካመለከተ የግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። ልጁ የሚወዳደረው አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ነው ማለት ነው። የእርስዎ ተማሪ እዚያ ብትሆን ትገባ ነበር።

ችግርም አላጣውም። በኦስቲን ያለው ዋናው ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ በሚገቡ ተማሪዎች ሊሞላ ሲል እ.ኤ.አ. በ2009 ገደብ ተበጀለት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ለመግባት 10 በመቶ ውስጥ መሆን ብቻ አይበቃም።

ሰፊው ሜዳ፦
ኮታ ሲባል በምን እንደሚለካ መጠየቅ አለብን። ናይጄሪያ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎችን ቦታ የምታከፋፍለው 45 በመቶ በውጤት፣ 35 በመቶ ለዩኒቨርሲቲው አካባቢ ግዛቶች፣ 20 በመቶ ደግሞ በትምህርት ወደኋላ ለቀሩ ግዛቶች በሚል ቀመር ነው። ሐሳቡ ቅን ነው። ግን ወደኋላ በቀረ ግዛት ውስጥም ሀብታም አለ። ለገጠሩ ልጅ የታሰበውን ቦታ የባለሥልጣኑ ልጅ ቢወስደውስ? ክልልን መለኪያ ማድረግ ክልሉ ውስጥ ያለውን ልዩነት ይሸፍናል።

እኔን የሚያሳምነኝ የብራዚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕጋቸው ከፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ግማሹን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተማሩ ይሰጣል። ከዚያ ግማሽ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆች ነው። ዋናው መለኪያ የተማረበት ትምህርት ቤትና የቤተሰቡ ኑሮ ነው።

የአንደኛ ዓመት ሒሳብ፦
ዩኒቨርሲቲ ነው የማስተምረው። ሁላችሁም ስለ በሩ እያወራችሁ ነው። እኔ የማየው ከበሩ ወዲህ ያለውን ነው። እንደ መምህሩ ተማሪ ዓይነት ልጆች ይገቡና የመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ ላይ ይወድቃሉ። ጭንቅላት አጥተው እንዳይመስላችሁ! ቢሮዬ መጥተው ሁለት ሰዓት ካስረዳኋቸው ይገባቸዋል። ሁሉን ግን አንድ በአንድ አስረድቼ አልዘልቀውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይከፈት ብዬ ጠየቅሁ፣ በጀት የለም ተባልኩ። ልጅን አስገብቶ ለብቻው መተው በጣም ያመኛል። ሲወድቅ «ድሮም አይችልም ነበር» ይባላል፣ እሱም ያምነዋል።

የፊዚክስ መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብራዚሉን ወድጄዋለሁ፤ ያቺን ልጅ ያያት እሱ ነው። የመጨረሻው አስተያየት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ነጥቡን ማስቀየር የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ ከክፍሌ የሚወጡትን ማዘጋጀት ግን እችላለሁ። እባክዎ ይንገሩኝ፣ ልጆቹ ካልኩለስ ላይ የሚሰናከሉት በትክክል ምን ጎድሏቸው ነው?

የአንደኛ ዓመት ሒሳብ፦
ካልኩለሱ ራሱ አይደለም መምህር። ክፍልፋይ ያለበትን የአልጀብራ መግለጫ ማቃለል፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ። ከክፍልፋዩ ይጀምሩ። አብዛኛው ልጅ የሚቀረው እዚያ ነው።