ከሕዝብ ገንዘብ በሚገዛ አዲስ ዴስክቶፕ ላይ ሃርድ ዲስክ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

አወያዩ፦
ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ከሕዝብ ገንዘብ በሚገዛ አዲስ ዴስክቶፕ ውስጥ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከእንግዲህ መግባት የለበትም» የሚል ነው። እንደ ማሳያ የምንይዘው አንድ የአዲስ አበባ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በበጀቱና በወላጆች መዋጮ ሊፈጽመው ያሰበውን ግዥ ነው። ለአይሲቲ ክፍል ሠላሳ ዴስክቶፕ፣ ለመዝገብ ቤት ደግሞ የተማሪዎችን ውጤት፣ ስካን የተደረጉ ሰነዶችንና የትምህርት ቪዲዮዎችን የሚይዝ አንድ ኮምፒውተር ይገዛል። ተከራካሪዎች በስም ሳይሆን በሙያቸው እንዲጠሩ ተስማምተዋል።

የአይሲቲ መምህሩ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ አንባቢው ክንድ ወደሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት፣ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን እንዲያነብ ሲታዘዝ በሰከንድ ከመቶ ገደማ በላይ ጥያቄ ማስተናገድ አይችልም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያዘው ደግሞ ይህንኑ ነው። የሚሽከረከር አካል የሌለውና መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ፣ ሳታ በሚባለው በቆየው መስመር የሚገናኘው ደህና ዓይነት እንኳ፣ ተመሳሳዩን ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ደረጃ ይሠራዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ከአርባ ደቂቃ ብዙም በማይበልጥበት ትምህርት ቤት፣ ሠላሳ ተማሪ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት፣ ከዚያም የዊንዶውስ ማሻሻያ ዲስኩን ተቆጣጥሮ እስኪለቀው ድረስ ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የተገዛው ሲፒዩና ራም ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ገንዘቡ ባክኗል ማለት ነው።

ሻጮች ሲያስረዱ የሚቀናቸው በሰከንድ 550 ሜጋባይት፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ከሆነም 3,500 ወይም 7,000 ሜጋባይት የሚለውን ትልቁን ቁጥር መጥራት ነው። ይህ ቁጥር ትልልቅ ፋይል ለሚገለብጥ ሰው ይጠቅማል፤ ዎርድና ፓይተን ለሚከፍት ተማሪ ግን በሳታና በኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። ለተማሪው የሚታወቀው ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ የሚደረገው ሽግግር ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ ከኤንቪኤምኢው ፍጥነት ላይ ይቀነስ እንጂ ወደ ሃርድ ዲስክ አንመለስ።

የጥገና ባለሙያው፦
መምህሩ ስለ ፍጥነት ያሉትን አልቃወምም። የምቃወመው «ከእንግዲህ» የሚለውን ቃል ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ስለ ፍጥነት ሊነግረኝ ሳይሆን ፋይሉ ጠፍቶበት ነው። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ይንኳኳል፣ ይዘገያል፣ የተበላሹ ክፍሎቹ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ቶሎ ከነቃ ብዙውን ማውጣት ይቻላል። ኤስኤስዲ ግን ትናንት ሲሠራ ውሎ ዛሬ ማዘርቦርዱ ጭራሽ አላውቀውም ይላል። በስሕተት የተሰረዘ ፋይልም ቢሆን፣ ኤስኤስዲው ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈልጎ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የመብራት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የኤችፒ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች 15 ኤስኤስዲዎችን እየጻፉ ሳለ በድንገት ኃይል እያቋረጡ ሲፈትኗቸው፣ 13ቱ ላይ የመረጃ መበላሸት ወይም ሌላ ያልተጠበቀ ጉድለት አይተዋል። በድንገት ኃይል ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት መጠባበቂያ ካፓሲተር የሚገጠመው በአብዛኛው ለሰርቨር በሚሠሩት ላይ እንጂ በተራው ዴስክቶፕ ኤስኤስዲ ላይ አይደለም። እኛ አገር መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድና ሲመለስም በምን ዓይነት ቮልቴጅ እንደሚመለስ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከጀርመን የሚሳተፉት የኮምፒውተር መሐንዲስ፦
የጥናቱ ውጤት እንዳሉት ነው፤ ነገር ግን ዓመቱ 2013 መሆኑን፣ የተፈተኑትም የዚያ ዘመን ምርቶች መሆናቸውን አንርሳ። «ሃርድ ዲስክ ያስጠነቅቃል» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን አጥንቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግባቸው የስማርት መለኪያዎች፣ ሙቀትን ሳይጨምር፣ ሁሉም ተደምረው እንኳ ከሞቱት ዲስኮች ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምንም ምልክት ሳያሳዩ እንደሞቱ አረጋግጧል። ከሚሞቱ ሦስት ዲስኮች አንዱ ሳይሰናበት የሚሄድ ከሆነ የመዝገብ ቤትን ሥራ በማስጠንቀቂያው ላይ መመሥረት አይቻልም።

እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስለ ዲስክ ዓይነት ሳይጠየቅ የሚፈጸመው ግዥ ነው። በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ቀርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ላይ ሦስቱም አንዳንድ ምርቶቻቸውን ኤስኤምአር በሚባለው ዘዴ እየሠሩ በመግለጫቸው ላይ ሳይናገሩ መሸጣቸው ተጋለጠ። በዚህ ዘዴ የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው ስለሚጻፉ አንዱን ለማረም ጎረቤቶቹንም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ መረጃ በተከታታይ ሲጻፍበትም ዲስኩ በድንገት ይዳከማል። ዌስተርን ዲጂታል ከዚያ ወዲህ መስመሮቹ የማይደራረቡበትን መደበኛውን ሲኤምአር «ሬድ ፕላስ» በሚል ስም ለይቶ እስከመሸጥ ደርሷል። በርካሽ የሚገኙት ባለ 2 ቴራባይት የዴስክቶፕ ዲስኮች ብዙዎቹ ኤስኤምአር ናቸው። አልፎ አልፎ የሚነበብ ቪዲዮ ለማስቀመጥ ይበቃሉ፤ የውጤት ዳታቤዝ ለማስሮጥ ግን አይሆኑም።

ሌላው ደግሞ ያገለገለውን አዲስ አስመስሎ መሸጥ ነው። ይህ የመርካቶ ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እዚህ ጀርመን ሃይዘ የተባለው የቴክኖሎጂ መገናኛ ብዙኃን እ.ኤ.አ. በ2025 ጥር ላይ ያወጣውን ዘገባ ያስታውስ፤ እንደ አዲስ የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ከ10,000 ሰዓት በላይ የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። የስማርት ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር፤ ያጋለጣቸው ሲጌት በዲስኮቹ ውስጥ የሚያኖረው ፋርም የሚባለው ሌላው መዝገብ ነው። ስለዚህ ዕቃ ተረካቢ ኮሚቴው ሳጥኑ መታሸጉን አይቶ ከመፈረም ይልቅ አንድ ባለሙያ ሁለቱን መዝገቦች እንዲያነብለት ያድርግ።

የፋይናንስ ባለሙያዋ፦
መሐንዲሱ የነኩት ነገር ከእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚጀምር ስለሆነ ልናገር። በእጄ ካለፉት የጨረታ ሰነዶች አብዛኞቹ «ማከማቻ፦ 1 ቴራባይት» ብለው ያቆማሉ። ይህ ሐረግ ለአቅራቢው የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ በሚያሸንፍበት አሠራር ደህና ኤስኤስዲ ያቀረበው ይሸነፋል፣ እጅግ ርካሹን ሃርድ ዲስክ ያመጣው ያሸንፋል፣ ሰነዱም ጥያቄ አያስነሣበትም። «ኤስኤስዲ» የሚለውን ቃል ብንጨምርም አምራቹ የማይታወቅ ዕቃ ይመጣልናል፤ የተወሰነ የንግድ ምልክት ጠርቶ መግዛት ደግሞ በመንግሥት ግዥ የሚበረታታ አይደለም። እንግዲህ ዓይነትን በስም ካልጠራን በምን እንለየው? መሐንዲሱ ይህን ቢመልሱልን ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄደ እላለሁ።

ዋጋውንም አንርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዲስክ ሙሉ በሙሉ የሚገባው ከውጭ ስለሆነ ለሠላሳ ኮምፒውተር ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ልጠይቅ ብል በጀቱ አይፈቅድልኝም።

የአይሲቲ መምህሩ፦
ተማሪ 1 ቴራባይት ለምን ያስፈልገዋል? ዊንዶውስ 11 ራሱ በዝቅተኛ መመዘኛነት የሚጠይቀው 64 ጊጋባይት ነው። ለክፍሉ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ቪዲዮው በአንድ ቦታ ተቀምጦ በኔትወርክ ይታያል። በሠላሳው ኮምፒውተር ላይ ቴራባይት የምንገዛው ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ዕቃው የተሻለ ስለሚመስለን ብቻ ነው።

መሐንዲሱ፦
ለባለሙያዋ ጥያቄ፦ በስም ሳይሆን በጽናትና በዋስትና ይለዩት። አምራቾች ኤስኤስዲው እስከ ስንት ቴራባይት እንደሚጻፍበት ቲቢደብሊው በሚባል ቁጥር ያሳውቃሉ። ለምሳሌ ሳምሰንግ ለባለ 1 ቴራባይቱ 870 ኢቮ 600 ቴራባይትና የአምስት ዓመት ዋስትና ሲሰጥ፣ በተመሳሳይ መጠን ለቀረበው 870 ኪውቪኦ ግን 360 ቴራባይትና ሦስት ዓመት ብቻ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው በአንድ ሴል ሦስት፣ ሁለተኛው አራት ቢት ስለሚያስቀምጥ ነው። ሰነዱ በዚህ ቁጥርና በዋስትና ዘመን ከተጻፈ፣ ቁጥሩን በአምራቹ መግለጫ ማሳየት የማይችል አቅራቢ ራሱን ከውድድር ያወጣል።

«ኤስኤስዲ ተጽፎበት ያልቃል» የሚለውን ስጋት ግን ለመዝገብ ቤቱም አልቀበለውም። በቀን 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት፣ ይህም ለአንድ መዝገብ ቤት ከበቂ በላይ ነው፣ ደካማው 360 ቴራባይት እንኳ ለመሟላት ከ49 ዓመት በላይ ይፈጃል። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይገድለዋል።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፦
ሁላችሁም ስለ እኔ ኮምፒውተር ስትከራከሩ ቆይታችኋልና እኔም ልጠየቅ። ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ከቆየ የያዘውን ይረሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእኛ ቢሮ ደግሞ በክረምት ሁለት ወር ገደማ ይዘጋል። ይህ እውነት ከሆነ ሃርድ ዲስኬን አልለቅም።

መሐንዲሱ፦
ነገሩ እውነት ነው፤ ጊዜው ግን በጣም ተጋንኗል። ጄዴክ የሚባለው የዘርፉ ደረጃ አውጪ ያስቀመጠው መስፈርት፣ የተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የተፈቀደለትን ጽሕፈት ሁሉ ከጨረሰ በኋላ እንኳ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ኃይል አንድ ዓመት መረጃውን ይያዝ የሚል ነው። የክረምት ዕረፍት አያሰጋዎትም። በቁም ሣጥን ተቆልፎ ለዓመታት ለሚቀመጥ ቅጂ ግን ሃርድ ዲስክ ይመረጣል፤ በዚህ ከጥገና ባለሙያው ጋር እስማማለሁ።

የጥገና ባለሙያው፦
ስለ ከፍታ የተነሣ ነገር ስለሌለ አንድ ነጥብ ላክል፤ ለአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ባይሆንም ለሌሎች ይጠቅማል። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ አምራቾች ለተለመዱት የዴስክቶፕ ዲስኮች የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃንም በ2,800 ሜትር አካባቢ ስለሚገኙ ችግር የለባቸውም። እንጦጦ ጫፍ ላይ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ደጋ ላለ ትምህርት ቤት ግን እኔም ራሴ ኤስኤስዲ እላለሁ፤ በሂሊየም የታሸጉት ዲስኮች የውጭው አየር ባይገባባቸውም ለትምህርት ቤት ኪስ አይሆኑም።

ወደ መዝገብ ቤቱ ስመለስ፣ ሁለት ዲስክ ገጥሞ አንዱን በሌላው ማስገልበጥ «ባክአፕ ነው» እንዳይባል አደራ። ቫይረስ ሲገባ ወይም ሰው በስሕተት ሲሰርዝ ጥፋቱ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ቅጂው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሌላ ክፍል፣ ቢቻል በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።

የፋይናንስ ባለሙያዋ፦
እንግዲህ የጨረታው ሰነድ እንዲህ ቢጻፍ ምን ትላላችሁ? ለክፍሉ ሠላሳ ኮምፒውተር 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ቲቢደብሊው ከ150 ያላነሰ፣ ዋስትና ከሦስት ዓመት ያላነሰ። ለመዝገብ ቤቱ ለዊንዶውስና ለዳታቤዝ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከአምስት ዓመት ዋስትና ጋር፣ ለቪዲዮና ለሰነድ ባለ 4 ቴራባይት ሲኤምአር ሃርድ ዲስክ፣ ከዚህ በተጨማሪ ለቅጂ ሁለት ተነቃይ ሃርድ ዲስክ። ርክክቡ የስማርት መዝገብ፣ ዲስኩ የሲጌት ከሆነም የፋርም መዝገብ ከተነበበ በኋላ ይፈጸማል።

የአይሲቲ መምህሩ፦
ለክፍሉ በተጻፈው እስማማለሁ። በመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ግን የቀረበውን ሐሳብ የሚጥስ ስለሆነ ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ፤ ትምህርት ቤቱ ያሉት ቪዲዮዎች 1 ቴራባይት እንኳ አይሞሉም።

የጥገና ባለሙያው፦
ዛሬ አይሞሉም፤ የትምህርት ቪዲዮ ግን ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። እኔ የባለሙያዋን ሰነድ እደግፋለሁ፤ አንድ መስመር ብቻ ጎድሎታል። ለመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር መብራት ሲቋረጥ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ በዚሁ ጨረታ ይግባ፤ «በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይታያል» ከተባለ ድጋፌን አነሣለሁ።