«አጥንት ያልነካ ሕመም» ፈቃድ ያሰጣል ወይስ አያሰጥም?

የአራት ኪሎዋ፦
ዛሬ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ስለ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ውይይት ነው። አንድ የድርጅት ባለቤት ነኝ ያሉ አድማጭ ደውለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አጥንት ያልነካ ሕመም ፈቃድ አያሰጥም። እግሩ የተሰበረ ይተኛ፤ ልቤ ተሰበረ የሚል ሥራው ላይ ይጽናና።» ታክሲው ውስጥ የሳቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ ሜክሲኮ እስክደርስ አንጀቴ ሲቃጠል ቆየ። አጠገቤ የምትሠራ ባልደረባዬ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ቀብራ ሦስቱ የሥራ ቀን እንዳለቀ ተመልሳ ገብታለች፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሐዘን የሚሰጣት ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መዝግባ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በዚያው ወር ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሙሉ ደመወዙ ሳይጎድልበት አሥር ቀን ተኝቷል። ይህ ፍርድ ነው?

ባለሱቁ ከፒያሳ፦
እህቴ፣ የሰውየው አነጋገር ሻካራ ነው እንጂ ነገሩ ልክ ነው። አምስት ሠራተኞች አሉኝ። ወለም ያለው እብጠቱን ያሳየኛል፤ ስብራት በራጅ ይታያል። «ከፍቶኛል» ያለኝን በምን ልየው? ዛሬ ለአንዷ ብፈቅድ ነገ አምስቱም ይከፋቸዋል። ሱቁን ማን ይክፈት? ደመወዙንስ ማን ይክፈል? ሐዘኗን አልካድሁም፤ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቆርጥሜ፣ ከሐዘንተኛ ጋር አብሬ የማድር ሰው ነኝ። ግን ሐዘን ሌላ፣ ሕመም ሌላ።

ነርስ ነኝ፦
«በራጅ ይታያል» ያሉት ላይ ልቁም፣ ወንድሜ። በራጅ የሚታየው ስብራቱ ነው፤ ሕመሙን ያየ ራጅ እስካሁን አልተሠራም። አከርካሪው ተበልቶ ምንም የማያመው ሰው አለ፤ ምንም ያልተገኘበት ራጅ ይዞ ሲያቃስት የሚያድርም አለ። የአጥንቱንም ሕመም ቢሆን የምናውቀው ታማሚውን ጠይቀን ነው። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?» እንላለን። እናቶቻችን ምን ብለው እንደሚመልሱ ታውቃላችሁ? «ተመስገን።» ካንሰር አጥንታቸው ድረስ የዘለቀባቸው እናት፣ ላባቸው ትራሱን አርሶት፣ «እማማ፣ ስንት ብዬ ልጻፍ?» ስላቸው «ተመስገን ብለሽ ጻፊ ልጄ» አሉኝ። ተመስገን ከአሥር ስንት ነው? ሦስት? ዘጠኝ? ልጃቸው ደግሞ ሐኪሙ ለሕመም ማስታገሻ ያዘዘላቸውን ሞርፊን «ሱስ ያስይዛቸዋል» ብሎ አስቀርቶት ነበር። አጥንት የነካውን ሕመም እንኳ ደህና አድርገን አናምንም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ መቻል እንደ ጥፋት ሲቆጠር ማየት አልወደድሁም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሮጦ ሲጨርስ አልወደቀም፤ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በዓመቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በቀስት ተወዳድሯል። ለከፋው ሁሉ የሕመም ወረቀት ከጻፍን ልጆቻችን መቻልን ከማን ይማራሉ?

የአራት ኪሎዋ፦
መምህር፣ ከአክብሮት ጋር፣ አበበ እኮ አደጋው ሲደርስበት እንግሊዝ አገር ድረስ ተልኮ ለወራት ታክሟል። «በአራተኛው ቀን ተነሥተህ ሩጥ» ያለው የለም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ነርስ ነኝ፦
ቶኪዮን ካነሡ አንድ ነገር ልጨምር። ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባድ ቁስል የደረሰባቸውን ወታደሮች ጠይቆ በ1946 እ.ኤ.አ. ጽፏል። አብዛኞቹ የሕመም ማስታገሻ አልፈለጉም። ለዚያ ወታደር ቁስሉ ከሞት ተርፎ ወደ ቤቱ መመለሻው ነበርና። ያው ቁስል መንገድ ላይ በመኪና ቢደርስበት ያስጮኸው ነበር። አበበንም ወርቁ አስችሎታል። ልጅዋን የቀበረች እናት የምትችልበት ምን ወርቅ አላት?

ሚኒባስ ሹፌር፦
ሁላችሁንም አነበብሁ፤ ሁላችሁም የአጥንትን ሕመም እያቃለላችሁ ነው። ስድስት ዓመት የወገብ ዲስክ አለብኝ። ከስታዲየም ሳሪስ አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ ስሠራ ግራ እግሬ እስከ አውራ ጣቴ በእሳት እንደ ተለበለበ ይሆናል። ወጌሻ ቤት ጨርቅ ነክሼ ታሽቻለሁ። አባቴንም ቀብሬያለሁ፤ አለቀስሁ፣ ጎረቤት አብሮኝ አለቀሰ፣ ወጣልኝ። ለወገቤ ያለቀሰልኝ ሰው የለም። «የልብ ሕመም ይብሳል» የሚለው ሰው የኩላሊት ጠጠር ይዞት ሌሊቱን ወለል ላይ ተንከባልሎ ይምጣና እንነጋገር።

ባለሱቁ ከፒያሳ፦
ይኸው! ሠርቶ የሚኖር ሰው ተናገረ።

ሚኒባስ ሹፌር፦
ቆይ ወንድሜ፣ አልጨረስሁም፤ ከእርስዎ ጋርም አይደለሁም። ወገቤ በጀመረኝ በሁለተኛው ዓመት ልጆቼ ላይ መጮኽ ጀመርሁ። ባለቤቴ ዝም አለችኝ። እንቅልፍ ጠፋ። አሁን የቱ ወገቤ፣ የቱ ሆዴ እንደሆነ መለየት አልችልም። እናንተ ግን ሁለት ረድፍ ሠርታችሁ የቱ ይብሳል ትላላችሁ።

ፋርማሲስቷ፦
በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እነ ናኦሚ አይዘንበርገር ያደረጉት ጥናት አለ። ሰው በኮምፒውተር ኳስ እየተቀባበለ ሲጫወት ሌሎቹ ድንገት ኳሱን ይነፍጉታል፤ ያን ጊዜ አንጎሉ ውስጥ የአካል ሕመም ሲሰማን የሚሠራው አካባቢ ሠራ። በ2010 ደግሞ ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ፓራሲታሞል የወሰዱ ሰዎች የመገፋት ስሜታቸው ቀለል ማለቱ ተጻፈ። አደራ፣ ይህን አንብቦ ለሐዘን ብሎ ፓራሲታሞል የሚውጥ ሰው እንዳይኖር፤ ሲበዛ ጉበት ይገድላል። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ፦ አካባቢው አንድ ቢሆንም የአሠራሩ መልክ የተለያየ ነው ይላል።

ባለሱቁ ከፒያሳ፦
የተለያየ ነው! እህታችን ራስዋ ጻፈችው። ሐዘን ሌላ፣ ሕመም ሌላ ያልሁት ይህንኑ ነው።

ፋርማሲስቷ፦
የተለያየ ነው አልሁ እንጂ ያንሳል አላልሁም። የጥርስና የጆሮ ሕመምም ይለያያሉ። ቃሌን ቆርጠው አይውሰዱብኝ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
አማርኛችን አጥንትና ልብን መች ለያየና? አንጀቴ ተላወሰ፣ ቆሽቴ አረረ፣ ሆዴ ባባ እንላለን፤ ሐዘንም «አጥንቴ ድረስ ዘለቀ» ይባላል። ራዲዮ ላይ የተናገሩት ሰውዬ በገዛ ቋንቋቸው ላይ ነው የቆሙት። ሰፈራችን ከተነሣ ወዲህ አያቴ ጉልበቴን፣ ጉልበቴን ትላለች። ካዛንቺስ ሳለች ቡና እየጠሯት በቀን ሦስት ቤት ትገባ ነበር። አሁን ያለችበት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቷ በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው። ሐኪሙ «ጉልበትዎ ከድሮው የባሰ ነገር የለውም» አላት። ሕመሙ ግን ብሷል።

ባለሱቁ ከፒያሳ፦
አባባል ማስረጃ አይሆንም፣ ልጄ። «ልቤ ጠፋ» ያለ ሰው ልቡን ፍለጋ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። እኔ የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነው፦ ማን ይክፈል? በምን ይረጋገጥ?

የአራት ኪሎዋ፦
መልሱ አዋጁ ውስጥ አለ። የሕመም ፈቃድ በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። የሚጠይቀው የሐኪም ማስረጃ ነው። «አጥንት» የሚል ቃል የለበትም።

ባለሱቁ ከፒያሳ፦
እንግዲያው ማስረጃውን ታምጣ! ማን ከለከላት?

ነርስ ነኝ፦
ማን እንደ ከለከላት ያውቃሉ። ከአማኑኤል ሆስፒታል ማኅተም ያለበት ወረቀት ለአለቃው የሚያስረክብ ሠራተኛ በዚህ ከተማ ስንት አለ? በማግሥቱ ኮሪደሩ ላይ «አማኑኤል ታይታለች እኮ» ይባላል። ሰዉ እንቅልፍ ያጣበትን ሐዘን «ጨጓራዬ ነው» እያለ የጨጓራ ወረቀት ያጽፋል። እርስዎም የጨጓራውን ወረቀት ሳያንገራግሩ ይቀበሉታል። ታዲያ አጥንት የት ነካ?

ጡረተኛው መምህር፦
አንድ ነገር ልናገርና ልተው። በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜን ገደሉት። እናቴ እንድታለቅስ አልተፈቀደላትም። ድንኳን የለ፣ ደረት መምታት የለ፣ ጥቁር መልበስ የለ። ሌሊት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ጠዋት እንጀራ ጋገረች። እኛን አምስታችንን አሳደገች። መስቀል አደባባይ ያለው የሰማዕታቱ ሙዚየም ሲከፈት ወስጃት ፎቶግራፉ ፊት ቆመች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። መቻል ያልሁት ይህን ነው። ያነበብሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

የካዛንቺስ ልጅ፦
ነፍስ ይማር፣ መምህር። ግን ይቅርታዎን አስቀድሜ ልጠይቅ፦ እንደቻሉት በምን ያውቃሉ? ያመማቸው ነገር አልነበረም?

ጡረተኛው መምህር፦
ራስ ምታት ነበረባት። እስከ ዕለተ ሞቷ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ትውል ነበር። በግራ በኩል ነው ትላለች። ጸበልም ሐኪምም አላቆመላትም። ግን እናቴን ለክርክራችሁ ማስረጃ አታድርጓት። እርሷ ቻለች።

ነርስ ነኝ፦
መምህር፣ ስለ እናትዎ ማንም ክፉ አላሰበም። እኔ ብሆን ግን ያን ሻሽ ከአሥር ዘጠኝ ብዬ እጽፈው ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
እርሷ «ተመስገን» ትልሽ ነበር።

ሚኒባስ ሹፌር፦
ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ልጇ የሞተባት። አሁን እንዴት ናት?

የአራት ኪሎዋ፦
ነገ የልጁ አርባ ነው። ቅዳሴው በጠዋት ነው፣ ከዚያ ለካህናቱና ለለቀስተኛው የሚቀርብ ነገር አለ፤ አንድ ቀን ጠይቃ ግማሽ ቀን ተፈቅዶላታል። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛዋ ላይ መገኘት አለባት።

ባለሱቁ ከፒያሳ፦
ግማሽ ቀኑ ከዓመት ፈቃዷ ይቀነሳል ወይስ በነፃ ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
ከዓመት ፈቃዷ።

ባለሱቁ ከፒያሳ፦
ይህስ ልክ አይደለም። እኔ ብሆን ቀኑን ሙሉ እሰጣት ነበር፤ ለአርባ አንድ ቀን ያልሰጠሁት ሠራተኛ የለኝም። ሬዲዮ ላይ የተባለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስድስት ወር ነው የምትጠይቁኝ። ማን ይክፈል ያልሁትን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።