ጣፊያ «ትርፍ» ነው ያለው ማነው?

የአቶቴዋ፦ ሳምንት ሙሉ ሲያበሳጨኝ የከረመውን ልጻፈው። ወንድሜ እዚህ ሐዋሳ ጥቁር ውሃ ጋ ባጃጅ ተገልብጦበት ሆስፒታል ገባ። የቱ እንደሆነ ይቅር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ «ጣፊያውን አውጥተነዋል፤ አትጨነቁ፣ ትርፍ ነገር ነው» አለን። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቃ ጣፊያዋ ተሰንጥቋል ተባለ። ማንም አልቀደዳትም። አምስት ቀን ተኝታ ጣፊያዋን ይዛ ወጣች። ይሄ እንዴት ነው?

ባለባጃጁ፦ ሰውየው ወንድምሽን ከሞት አወጣልሽ። ማመስገን ሲገባሽ ቃል ትሰነጥቂያለሽ።

የከነማ ልጅ፦ ለአንዱ አልጋ፣ ለአንዱ ቢላ። የገባው ገብቶታል።

ነርሷ፦ ምኑ ነው የገባህ? ነገሩ ደም ሲፈስ የደም ግፊቱ መውረድ አለመውረዱ ነው። ግፊቱ ካልወረደ ጣፊያ ቢሰነጠቅም ሳይቀደድ በክትትል ይታያል። ልጆች ላይማ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ደም እየተሰጠው ግፊቱ መውረዱን አልተው ያለ ሰው ግን ሲቲ ስካን እንኳ አይጠበቅለትም። ቀጥታ ኦፕራሲዮን ነው። እህቴ፣ ወንድምሽ ሲገባ ግፊቱ ስንት ነበር?

የአቶቴዋ፦ የላይኛው 70 ሲሉ ሰምቻለሁ። ደምም ሰጥተነዋል።

ነርሷ፦ በጣም ወርዷል፣ በቃ እኮ!

የአቶቴዋ፦ ምኑ ነው በቃ? መውጣቱን ተቀበልኩ። «ትርፍ» ያለውን ነው የምጠይቀው።

የከነማ ልጅ፦ ውጭ አገር በቀጭን ቱቦ በደም ሥር ገብተው የሚደማውን ብቻ ይደፍኑታል። እዚህ መጎልጎል ነው የሚቀናን።

ነርሷ፦ እሱም ግፊቱ ላልወረደበት ሰው ነው። ደግሞ ክትትል ማለት አስተኝቶ መተው እንዳይመስልህ። ደሙ እያነሰ እንደሆነ የሚያሳየው ሄሞግሎቢኑ እየተደጋገመ ይለካል፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉም ደሙም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይሄ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሐኪም ቁማር ነው የሚጫወተው።

ጋሼ ሐይቅ ዳር፦ ልጆች፣ ድሮ ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው አብጦ በእጅ ይዳሰስ ነበር። እንዲህ ያበጠ በትንሽ ምት ይፈነዳል። ለማንኛውም የአሞራ ገደል ዓሣ ሾርባ ይጠጣ።

የከነማ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ቆሽትን አይደለም?

ጋሼ ሐይቅ ዳር፦ ቆሽትማ አሁን አንተ የምታሳርርብኝ ነው።

ባለባጃጁ፦ ትርፍ ማለት ያለ እሱም ይኖራል ማለት ነው። አማርኛ ነው እኮ።

የአቶቴዋ፦ ትርፍ እናንተ ባጃጅ ላይ የምትጭኑት ነው። ያ ሾፌር አምስት ሰው ነበር የጫነው።

ባለባጃጁ፦ ጭራሽ እኔ ገለበጥኩት? ዝናብ ሲመጣ «ጠጋ በሉ፣ ትርፍ ያዝ» እያለ የሚለምነው ማነው? ተሳፋሪው አይደለም?

የከነማ ልጅ፦ ዝናብ ሲመጣ ታሪፍ የሚጨምረውስ ማነው?

ነርሷ፦ ታሪፉን ለነገ አቆዩት። እህቴ፣ ክትባት ታዘዘለት?

የአቶቴዋ፦ የምን ክትባት?

ነርሷ፦ ይኸው! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጣፊያ ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ያጣራል። የወጣለት ሰው የኒሞኮካል (የሳንባ ምች ባክቴሪያ)፣ የማጅራት ገትርና ሂብ የሚባለው ባክቴሪያ ክትባት ያስፈልገዋል። እንደ ወንድምሽ በድንገት ለወጣለት ብዙውን ጊዜ በ14 ቀን ገደማ ይሰጣል። ትኩሳት ከመጣበት ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት የለም፣ በሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ወባም ይበረታበታል። እዚህ ሐዋሳ ደግሞ ወባ አለ። አጎበር ሥር ይተኛ።

የአቶቴዋ፦ ባለባጃጁ፣ ሰማህ? ሦስት ክትባትና አጎበር የሚፈልግ ትርፍ!

ባለባጃጁ፦ ዳነ ወይስ አልዳነም?

የአቶቴዋ፦ ነርሷ፣ አሁን ወዴት ልሂድ?

ነርሷ፦ የመውጫ ወረቀቱን ይዛችሁ ያወጣለት ሐኪም ጋ። 14ኛው ቀን መቼ ነው?

የአቶቴዋ፦ ማክሰኞ። «ትርፍ» ያለንን ሰውዬ ደጅ ጥኚ እያልሽኝ ነው?

ባለባጃጁ፦ ከሄድሽ አይቀር አመስግኚው።

ጋሼ ሐይቅ ዳር፦ ሾርባውንም እንዳትረሱ።