ብዙ ቤት እንጠግን ወይስ ጥቂቱን በደንብ?

ባህር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የአቅመ ደካሞችን ቤት የምናድስ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር አለን። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግበናል። ጠቅላላ ጉባኤም ቦርድም አለን፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው።

የቸገረን ዓመታዊ ግብ ማስቀመጡ ነው። ቦርዱ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ክረምት ሳይገባ የብዙ ሰው ቆርቆሮ እንቀይር» ይላል። ግማሹ ጥቂት ቤት ከመሠረቱ ይሠራ ባይ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። አምና ቆርቆሮ ካለበስናቸው ቤቶች አንዱን ሄጄ አየሁት። ጣራው ያብለጨልጫል። ከሥር ግን የባህር ዛፉን ቋሚ ምስጥ በልቶት፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። እማማ ግድግዳው እንዳይወድቅባቸው ፈርተው አልጋቸውን መሀል ቤት አውጥተውታል።

በድምፅ እንለየው ብለን ነበር፤ እኩል ለእኩል ወጣ። ለጉባኤው ስናቀርበው ሁሉም የየጎረቤቱን ቤት ጠቆመ። ከዚያ ዕድሜን፣ ጤናን፣ የቤተሰብ ብዛትንና የቤቱን ሁኔታ የሚመዝን ቅጽ አዘጋጀን። ነጥቡ ተቀራራቢ ሆነና ክርክሩ ተመልሶ መጣ። ቅጹ ማን ይቅደም የሚለውን እንጂ ምን ያህል እንሥራ የሚለውን አይመልስም። ቤቱ የሚታደስላቸው ሰዎች ደግሞ ስብሰባው ላይ የሉም፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ባለሙያ ቀጥረን እንዳናስጠና በጀታችን ጠባብ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ የምትሠሩ ወገኖች፣ በቤቱ ብዛትና በጥገናው ጥንካሬ መካከል ስትወስኑ፣ ነዋሪዎቹንም አሳትፋችሁ፣ የዓመቱን ግብ በምን መለኪያ ነው የምታስቀምጡት?