ኤም ኤስ አለብኝ፣ ዳይት ከጀመርኩ ወዲህ ፊቴ እየነደደ ነው፤ የቱን ዳይት ልያዝ?

ሚሚ ቨርጂኒያ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) አለብኝ። ክብደቴ ስለጨመረ በዚህ ሳምንት ያንን በሰዓት የሚጾመውን ዳይት ጀመርኩ። ከ6 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ብቻ ነው የምበላው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊቴና አንገቴ በርበሬ እንደተቀባ ሰው ይነዳል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ዛሬ ደግሞ እስከ ደረቴ ቀላ። ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ አፍጥጦ ሲያየኝ ዋለ። ዓርብ ማታ ስለሆነ የሐኪሜ ቢሮ ተዘግቷል። ዳይቱ አልተስማማኝም ማለት ነው? ባለቤቴ ኬቶ (እህልና ስኳር ትቶ ስብ የሚበዛበት ዳይት) ያዢ ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለኤም ኤስ ተብሎ የተሠራ ዳይት አለ ብላ ሁለት ስም ላከችልኝ፤ ስዋንክ እና ዋልስ። የቱን ልያዝ? የእህቴ ሰርግ ደርሷል፣ ቀሚሱ አልዘጋ ብሏል።

ናቲ ቦሌ
6 ሰዓቱ በሀበሻ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ እየበላሽ ነው። እሱ ዳይት ሳይሆን ሰርጉ ራሱ ነው።

እትዬ ብርቄ
ልጄ፣ ጠዋት በባዶ ሆድሽ ሙቅ ውሃ በሎሚ ጠጪበት። ማታ ጥቁር አዝሙድ በማር። እኔ ስኳሬን የያዝኩት በዚሁ ነው።

አንባቢው
ከመሠረቱ እንጀምር። ኤም ኤስ የሰውነት መከላከያ የነርቭን ሽፋን፣ ማየሊን የሚባለውን፣ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ስዋንክ የተባለው ዳይት የሮይ ስዋንክ ነው፤ የነርቭ ሐኪም ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሞንትሪያል ጀመረው፣ በኋላ ኦሪገን ሄዶ ቀጠለበት። ሐሳቡ ሳቹሬትድ ስብን፣ ማለትም እንደ ቅቤና ጮማ የሚረጋውን፣ በቀን ከ15 ግራም አለማሳለፍ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቀይ ሥጋ ጭራሽ አይነካም። ታማሚዎቹን ለ34 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1990 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመው። ዳይቱን የጠበቁት በጣም ተሻላቸው ይላል። ግን በዕጣ የተለየ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። ሰዎቹ ዳይቱን ስለተዉ ባሰባቸው ወይስ ስለባሰባቸው ተዉት? ይሄ ጥያቄ እስካሁን እንደተንጠለጠለ ነው።

ቴሪ ዋልስ ደግሞ አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት ያለች ሐኪም ናት። ራሷ ኤም ኤስ አለባት። ዊልቸር ላይ ነበረች፤ ኋላ ብስክሌት ነዳች። ሰው ስለ ምግቧ ብቻ ያወራል እንጂ ስፖርቱንና ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያሠራውን ሕክምና አያነሳም። ምግቧ በቀን 9 ኩባያ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። እህል፣ ወተትና እንቁላል የለም፣ ጠበቅ ሲል ጥራጥሬውም ይቀራል። ሁለቱን ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። በሁለቱም ወገን የድካም ስሜት ቀንሷል። አጥኚዎቹ ግን የዋልስ የራሷ ቡድን መሆኑን አትርሱ። ስለ ሜዲትራንያን አመጋገብ ደግሞ ነገ በሰፊው እጽፋለሁ።

ናቲ ቦሌ
ጋሼ፣ እህታችን እየነደደች እርስዎ ሞንትሪያልን ዞረው አይዋ ደረሱ እኮ።

የቤተል ልጅ
እህል የለም፣ ጥራጥሬ የለም? እንጀራም ሽሮም ቀረ ማለት ነው። ታዲያ ሀበሻ ምን ይብላ?

ሐና
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ወፍረሻል ያለሽ ማን ነው? ሐኪምሽ ወይስ ቀሚሱ? ለአንድ ቀን ሰርግ ብለሽ በሽታሽን አትቀስቅሺ። ቀሚስ ይሰፋል። በዚያ ላይ በቅርቡ ስቴሮይድ ወስደሽ ከሆነ የጨመርሽው ሁሉ ስብ አይደለም። ፊት ያብጣል፣ ውሃ ይቋጠራል፣ ምግብ አይጠገብም። የተወሰነው በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

ፋርማሲ ጥግ
ሚሚ፣ ስለ ዳይቱ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። ለኤም ኤሱ የምትወስጂው መድኃኒት ምንድን ነው? የሚዋጥ ነው ወይስ በመርፌ? ስንት ሰዓት ላይ? ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ሰውነትሽን ሽፍታ ከወረረሽ ግን እኛን አትጠብቂ፣ 911 ደውዪ።

ሚሚ ቨርጂኒያ
ማበጥም ማፈንም የለም፣ ተመስገን። መድኃኒቱ ካፕሱል ነው፣ ዳይሜታይል ፉማሬት። ጠዋት 1 ሰዓት በጥቁር ቡና፣ ማታ ደግሞ ከእራት ጋር። ሐና፣ ገምተሻል። ባለፈው አገርሽቶብኝ በደም ሥር ስቴሮይድ ሰጥተውኛል። ከዚያ በኋላ ነው ይሄን መድኃኒት የጀመሩልኝ። መጀመሪያ 120 ሚሊግራም ነበር፣ አሁን 240 ሆኗል። ናቲ፣ በሀበሻ ነው፤ ከእኩለ ቀን እስከ ማታ 2። ግን ከዳይቱ ጋር ምን አገናኘው?

ፋርማሲ ጥግ
በደንብ ያገናኘዋል። ፊት መቅላት፣ መንደድና የሆድ ቁርጠት የዚህ መድኃኒት የታወቁ ባሕሪያት ናቸው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ምግብ ላይ ሲወሰድ ይቀንሳል። ቁርስ ስትበዪ ምግቡ እየያዘልሽ ነበር። ቁርሱን ስትተዪ ካፕሱሉ ባዶ ሆድ ላይ፣ ያውም በትኩስ ቡና ወረደ። ማታ ከእራት ጋር ስትወስጂ አለመንደድሽን ልብ በዪ። ራስሽ ጽፈሽዋል።

እኔ ብሆን ከነገ ጀምሮ ጠዋት ቁርስ በልቼ ነው የምውጠው። እንቁላል፣ እርጎ፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ የትኛውም ይሆናል፤ ፕሮቲንና ትንሽ ስብ ይኑርበት። በሰዓት መብላቱን ከወደድሽው ሰዓቱን ወደ ፊት ሳቢው። ጠዋት 2 ሰዓት ጀምረሽ ማታ 12 ሰዓት ዝጊ። ሁለቱም ካፕሱል ምግብ ላይ ያርፋል፣ አንቺም 14 ሰዓት ትጾሚያለሽ። ካፕሱሉን ከፍተሽ ውስጡ ያለውን አትበትኚ። በራስሽ ሥልጣን መድኃኒቱን አታቋርጪ። አንዳንድ ሐኪም ከመዋጡ ግማሽ ሰዓት በፊት አስፕሪን ያዛል፤ እሱን ግን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ደግሞ ቢሮው ቢዘጋም አብዛኛው ክሊኒክ ተረኛ ሐኪም አለው። ስልኩ ላይ የሚነግሩሽን እስከ መጨረሻው ስሚ።

እትዬ ብርቄ
ሎሚውን ሞከርሽው ልጄ? በባዶ ሆድ ነው ታዲያ።

ናቲ ቦሌ
እትዬ፣ ጣጣውን ያመጣው እሱ ባዶ ሆድ ነው እየተባለ ነው!

የሚሚ ባል ጠበቃ
ኬቶን ለምን ትዘሉታላችሁ? የወንድሜ ሚስት ስኳርና ዳቦ አቁማ በሁለት ወር ሌላ ሰው ሆናለች። ክትፎ እየበሉ መክሳት የመሰለ ነገር የት አለ?

ቲጂ ስቶክሆልም
የወንድምህ ሚስት ኤም ኤስ የለባትማ። እኔ አለብኝ። ሪቱክሲማብ በየስድስት ወሩ በደም ሥር ነው የምወስደው፤ እዚህ ስዊድን ብዙዎቻችን በእሱ ላይ ነን። ኬቶ ሞክሬያለሁ፣ ክብደት ይቀንሳል፣ አልዋሽም። ግን ብዙ የኤም ኤስ ሰው አስቀድሞም የሆድ ድርቀት አለበት። በዚያ ላይ ሽንት ስለሚያጣድፈን ውሃ እንሸሻለን። እህልና ጥራጥሬ ሲቀር ሆድ ጭራሽ ቀጥ ይላል። ክትፎውን በተመለከተ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ወደ 7 ግራም ሳቹሬትድ ስብ አለው። ሁለት ማንኪያ ማለት የስዋንክን የቀን ልክ ጨረሽ ማለት ነው፤ ሥጋው ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ባልየው ኬቶ፣ የአክስት ልጅ ስዋንክ ሲሉ ተቃራኒ ነገር እየመከሩ ነው። አንዱ ስብ ብዪ፣ ሌላው ስብ ተዪ።

የእኔ ነርስ የነገረችኝ ኤም ኤስን ይፈውሳል ተብሎ የተረጋገጠ ዳይት የለም ነው። ክብደት መቀነሱ ግን ይጠቅማል፤ ለጉልበትም፣ ለድካሙም፣ ለደም ግፊቱም። ስለዚህ የምትዘልቂበትን ያዢ። እኔ እንጀራዬን አልተውኩም። ወጡን ነው የነካሁት። ዘይት በማንኪያ ለካሁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፣ እኛ ደግሞ ለሽሮ ከጠርሙሱ ነው የምንገለብጠው። ጎመን፣ ምስር፣ ዓሣ አበዛሁ። ጭማቂና ለስላሳ አቆምኩ። እንቁላል ወይም ባቄላ ሳይኖርበት የምበላው ምግብ የለም፤ ሰው ሲከሳ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፣ የእኛ እግር ደግሞ ጡንቻ የሚያባክን አይደለም።

የቤተል ልጅ
ከጾሙ ጋር የተያያዘ ነገር ልጨምር። እኔም ታማሚ ነኝ፣ አዲስ አበባ። የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ አያከሳም፤ ፓስታ በዘይት፣ አምባሻ፣ ድንች ጥብስ ሁሉም ጾም ነው። ሌላው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው የሚገኘው። ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም አጽዋማት የሚጾም ሰው ሊያንሰው ይችላል። ሲያንስ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያስታል። እኔን አገረሸብኝ ብዬ ስደነግጥ ቢ12 ነው የተባልኩት። በደም ምርመራ ይታያል፣ አስለኩት። የንስሐ አባቴም ለመድኃኒቱ ስትዪ ብዪ ብለውኛል።

ከዲጃ ጅዳ
አላህ ያሽርሽ እህቴ። እኛም ዘንድ ረመዳን ሲመጣ ይሄ ጥያቄ ይነሳል። ለታመመ ሰው ቁርአኑ ራሱ ፈቅዷል፤ ሌላ ቀን ይተካል፣ ያልቻለ ሚስኪን ያበላል። ሐኪሜ ሳትፈቅድልኝ አልጾምም። ግን እኔን ከጾሙ በላይ የሚጥለኝ ሙቀቱ ነው። ቤትሽን አቀዝቅዢ።

ሚሚ ቨርጂኒያ
ከዲጃ ስለ ሙቀት ስታነሳ ትዝ አለኝ። ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ላብ የሚያስወጣ ቀበቶ ገዝቼ ነበር። እሱን አስሬ ትሬድሚል ላይ ስራመድ ግራ እግሬ ይጎተታል፣ አንድ ዓይኔም ይደበዝዛል። ስቀመጥ ይመለሳል። ይሄም ከመድኃኒቱ ነው?

ቲጂ ስቶክሆልም
አይ፣ እሱ የሙቀት ነው። የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል የተጎዳው ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። ዑትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 የጻፈው ነገር ነው፣ በስሙ ይጠራል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል እንጂ አዲስ ጉዳት አይደለም። ቀበቶውን ጣዪው። የሚያወጣው ላብ ነው፣ ውሃ ስትጠጪ ክብደቱ ይመለሳል። ፋን ፊት ለፊት አድርገሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘሽ፣ አጭር አጭር እየከፈልሽ ተራመጂ። ዋና ከወደድሽ በጣም ሙቅ ያልሆነ ገንዳ ምረጪ።

ፋርማሲ ጥግ
ቲጂ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ድንበሩን እወቂ። አዲስ ምልክት መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ሳይለቅ ከቆየ የማገርሸት ነገር ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይደወላል። ትኩሳት ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ደግሞ ኢንፌክሽን ይፈተሻል፤ እሱም የድሮውን ምልክት ይቀሰቅሳል። ዓይንሽ መደብዘዙን ሰኞ ሳትነግሪያቸው እንዳትወጪ።

የሚሚ ባል ጠበቃ
እሺ ኬቶን ተዉት። ያ የክብደት መርፌስ? አሁን ሰው ሁሉ የሚወጋው።

ፋርማሲ ጥግ
ኤም ኤስ ስላለ ብቻ የተከለከለ አይደለም። ነገር ግን ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ የእሷ መድኃኒትም ሆድ ያስቸግራል። ሁለቱን ሐኪሞች ሳታነጋግር ከጓደኛ ተቀብላ የምትወጋው ነገር አይደለም። ሰርጉ ምን ያህል ቢቀርብም።

ሐና
አሁንም እላለሁ፣ ቀሚሱን አስፊው።

አንባቢው
ቃል በገባሁት መሠረት ስለ ሜዲትራንያን። የወይራ ዘይት፣ ዓሣ፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት ነው። የነርቭ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ይሄን ነው፤ የሚቀነስበት ነገር ትንሽ ስለሆነና ለልብም ስለሚበጅ። ደግሞ የእኛ የጾም በያይነቱ ዘይቱ ቢቀንስ ከሱ ብዙም አይርቅም። ቫይታሚን ዲንም አትርሱ። ደሙ ውስጥ ያነሰው ሰው በኤም ኤስ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ ማለት ግን ክኒኑን በእፍኝ መቃም አይደለም፤ ከልክ ሲያልፍ ካልሲየም ደም ውስጥ ይበዛና ኩላሊት ይጎዳል። ስለ ኦሜጋ 3 ደግሞ

ናቲ ቦሌ
ጋሼ በመሃል ተቋረጡ። ኔትወርክ ነው ወይስ ምሳ?

የቤተል ልጅ
ሚሚ፣ ቅዳሜ ጠዋት በቁርስ ወሰድሽው? ነደደሽ ወይስ ተወሽ? እኔም ወደዚያው መድኃኒት ልቀየር ስለሆነ ንገሪኝ።

ከዲጃ ጅዳ
ሚሚ የለሽም?

እትዬ ብርቄ
ሎሚውን ጠጥታ ተኝታ ይሆናል።

ሙሉ ዴንቨር
በመሃል ስለገባሁ አትቆጡኝ። ቲጂ፣ እንጀራዬን አልተውኩም ያልሽው ሙሉ ጤፍ ነው ወይስ ከስንዴ የተቀየጠ? እዚህ የሚሸጠው እሽጉ ላይ ገብስም ስንዴም ይላል። ንጹሕ ጤፍ የሚጋግር የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።